ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ፦ ስለ ጣሊያን ጉዞዎ፣ ስለ አራቱ ነፃ ቀናትና ስለሚያብጠው እግርዎ

ጥያቄው፦ «ዕድሜዬ 51 ነው። ኮምቦልቻ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ለስድስት ቀን የማሽን ሥልጠና ጣሊያን አገር ቤርጋሞ ከተማ እላካለሁ። ከሥልጠናው በኋላ ከዓመት ፈቃዴ አራት ቀን ጨምሬ መቆየት፣ እንደ አገሩ ሰዎችም ጠዋት ተነሥቼ ልቤ ያለውን ከተማ ማየት እፈልጋለሁ። ቢቻል ለንደን ያለችውን እህቴን ለሁለት ቀን ጠይቄ ወደ ጣሊያን እመለሳለሁ። ቪዛው ይህን ይፈቅዳል ወይ? ደግሞም አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስሄድ እንኳ እግሬ ያብጣል፣ ጆሮዬም ይደፈናል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም እወስዳለሁ። የሰባት ሰዓቱን በረራ እንዴት ልቻለው?»

ምላሽ፦

ደሴ ፒያሳ ላይ በጉዞ ወኪልነት ስሠራ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ነርስ ነበርሁ። ጥያቄዎ ሁለቱንም ሥራዬን የሚነካ ስለሆነ ምላሹ ረዘም ቢልብዎ ይታገሡኝ። ከቪዛው እጀምራለሁ፤ እሱ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከቤቱ በድንገት ተነሥቶ ወደ አውሮፓ ከተሞች ሊሄድ አይችልም። የሼንገን ቪዛ (ጣሊያንን ጨምሮ በብዙ የአውሮፓ አገሮች መካከል የሚያዘዋውረው አንድ ቪዛ) ማመልከቻ በመደበኛው ደንብ በ15 ቀን ውስጥ ምላሽ ያገኛል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ጠበቅ ያለ ውሳኔ አሳለፈ። በዚህ ውሳኔ መሠረት የምላሹ ጊዜ ወደ 45 ቀን ረዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ፣ አንዳንድ ሰነዶችን በትብብር የመተው ልማድም ተከለከለ። ስለዚህ ሁለት ወር ተኩል አለኝ ብለው አይዘናጉ። የቀጠሮው ወረፋና 45ቱ ቀን ሲደመሩ የሚተርፍዎ ጊዜ ትንሽ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ስለሚፈቀድ፣ በዚህ ሳምንት ቢጀምሩ ማንም ቸኮሉ አይልዎትም። ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የጋባዡ ድርጅት ደብዳቤ ስድስት ቀን ብቻ ስለሚል፣ ማመልከቻውን በዚያው ልክ ሞልተው «አራቱን ቀን እዚያ ከደረስሁ በኋላ እጨምራለሁ» ቢሉ አይሆንም። ቪዛው ለጠየቁት ቀን ልክ ሊሰጥ ይችላል። አራቱን ቀን በግልጽ ያስፍሩ። የሥልጠናው ቀናት ከዚህ እስከዚህ፣ ቀጥሎ ያሉት አራት ቀናት በዓመት ፈቃድ ለጉብኝት ብለው ይጻፉ፤ የፋብሪካው የፈቃድ ደብዳቤም ይህንኑ ይበል። የጤና መድኑ ሽፋን ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሆኑንና የሥልጠናውን ሳምንት ብቻ ሳይሆን ከመግቢያ እስከ መውጫ ያለውን እያንዳንዱን ቀን መያዙን ያረጋግጡ። መድኑ ሁለት ቀን ስላነሰ ብቻ የተንጓተተ ማመልከቻ በእጄ አልፏል። ማመልከቻው ለጣሊያን መቅረቡ ትክክል ነው፤ ብዙውን ቀን የሚያሳልፉት እዚያ ነውና።

ቪዛው ታትሞ ሲመጣ በደስታ አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ሦስት ቦታ ያንብቡ። የመጀመሪያው «ከ» እና «እስከ» የሚሉት ሁለት ቀኖች ናቸው፤ እነዚህ መግቢያና መውጫ የሚፈቀድበትን ወሰን ብቻ ያሳያሉ። ሁለተኛው የቆይታ ቀን ቁጥር ነው። ወሰኑ የአንድ ወር ያህል ሰፊ ሆኖ የቆይታው ቁጥር 12 ብቻ ቢሆን፣ መኖር የሚችሉት 12 ቀን ነው። የገቡበት ቀን እንደ አንድ፣ የወጡበትም ቀን እንደ አንድ ይቆጠራል። ሦስተኛው የመግቢያ ብዛት ነው፤ በእርስዎ ቪዛ ላይ ይህ ቁጥር 1 ይሆናል።

የለንደኑ ጉዳይ የሚወድቀው በዚህች ቁጥር 1 ላይ ነው። ታላቋ ብሪታንያ የሼንገን አገር አይደለችም። ከቤርጋሞ ተነሥተው ለንደን ሲያርፉ ከሼንገን ወጡ ማለት ነው፤ አንዷ መግቢያዎም አብቅታለች። የቆይታ ቀን ቢተርፍዎም ወደ ጣሊያን መመለስ አይችሉም። በዚያ ላይ ለብሪታንያ ራሱን የቻለ ሌላ ቪዛ ያስፈልጋል። መንገዱ ፈጽሞ ተዘግቷል ማለቴ አይደለም። በሚላን ገብቶ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ የሚመልስ ትኬት መቁረጥ ይቻላል፤ እንዲህ ከሆነ ለንደን የጉዞው መጨረሻ ስለሚሆን ወደ ጣሊያን መመለስ አያሻም። ሆኖም የብሪታንያው ቪዛ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። አንድን ፓስፖርት በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ለሁለት ኤምባሲ ማዳረስ የሚያስጨንቅ ነገር ስለሆነ እኔ አልመክርም። ይልቅስ እህትዎ ይምጡ። የብሪታንያ ፓስፖርት ካላቸው ጣሊያን ለመግባት ቪዛ አይጠየቁም፤ ከለንደን ሚላን ወይም ቤርጋሞ ደግሞ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። የሳምንት መጨረሻዋን ቀን ለእሳቸው ቢይዙላቸው ሁለታችሁም ታርፋላችሁ።

እንግዲህ ድንገተኛነቱ የት ገባ ይሉኝ ይሆናል። ከሼንገን ውስጥ ነው። ማኅበሩ 29 አገሮች አሉት፤ ስዊዘርላንድና ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም የሼንገን አባል ናቸው፤ ቡልጋርያና ሩማንያም ከጥር 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። አንዴ በሚላኑ የማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻውን አልፈው ከገቡ በኋላ በእነዚህ አገሮች መካከል ሲዘዋወሩ ሌላ ቪዛ የሚጠይቅዎ የለም። እኔ ደንበኞቼን የማዘው ሁለቱን ጫፍ እንዲያስሩ ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት አልጋ፣ የመጨረሻው ሌሊት አልጋና የመመለሻው ትኬት ይታሰር፤ መካከሉን ልብዎ ይምራው። ለቪዛው ያቀረቡት የጉብኝት ዕቅድ ሐቀኛ ይሁን እንጂ፣ ከቬሮና ይልቅ ቱሪን ማደርዎ ወንጀል አይሆንም።

ወደ ጉዞው እንሂድ። ስለ ሰባቱ ሰዓት በረራ ጽፈውልኛል፤ በእኔ ሂሳብ ግን ረጅሙ ጉዞ የሚጀምረው ከቦሌ ሳይሆን ከኮምቦልቻ ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በመኪና ሙሉ ቀን የሚወስድ መንገድ ነው። ወደ አውሮፓ የሚሄዱት በረራዎች አብዛኞቹ ደግሞ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሣሉ። ጠዋት ከኮምቦልቻ ተነሥተው በዚያው ሌሊት ቢበሩ፣ እግርዎ ዐሥራ ስድስትና ዐሥራ ሰባት ሰዓት ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ያድራልም። ሚላን ሲደርሱ ጫማ አልገባ ቢልዎ ጥፋቱ የአውሮፕላኑ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን ያድርጉ። ወይ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ይሂዱ፤ ይህን ሲያደርጉ የአገር ውስጡና የውጭው በረራ በአንድ ትኬት ይሁን፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የማስተካከል ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናልና። ወይ ደግሞ በመኪና አንድ ቀን ቀድመው ገብተው አዲስ አበባ እግርዎን ከትራስ በላይ ሰቅለው ይደሩ።

ስለ ሰዓቱ አንድ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ሥራውን በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ለአንዲት እናት ትኬት ቆረጥሁ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ቀኑ 12፣ ሰዓቱ 00፡40 ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 12ኛው ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ እሳቸው ቦሌ መድረስ የነበረባቸው በ11ኛው ቀን ምሽት ነበር። በእኛ አቆጣጠር ግን ሌሊቱ የቀኑ ተከታይ ነውና፣ እናታችን 12ኛውን ቀን በሰላም ቤታቸው ውለው ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ሲመጡ አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎት ነበር። ያላስረዳሁት እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ በትኬቱ ጀርባ «ማክሰኞ ማታ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቦሌ ይገኙ» ብዬ በእጄ እጽፋለሁ። እርስዎም ከማን ቢገዙ እንዲህ ያጽፉ።

አሁን ስለ አየሩ። ሰዎች አውሮፕላን ሰማይ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳብናል ብለው ይፈራሉ። አውሮፕላኑ በዐሥርና በዐሥራ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ቢበርም፣ በውስጡ ያለው አየር ተጨምቆ ስለሚገባ ግፊቱ በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል ነው። እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ባሉት አዳዲሶቹ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይቆያል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በ787 ሲበሩ ሳንባዎ የሚያገኘው አየር የኮምቦልቻው አየር ነው ማለት ነው፤ እኔ የደሴው ሰው ብበር ኖሮ ከቤቴ ወረድሁ እንጂ ወጣሁ አልልም። ከባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚነሡ ተጓዦች ሆዳቸው የሚነፋው፣ ራሳቸውን የሚያማቸው በከፊል በዚህ የግፊት መቀነስ ነው፤ እኛ ወሎዬዎች ግን በዚህ በኩል የታደልን ነን።

ጆሮን የሚያስቸግረው ቁልቁለቱ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ቦርከና ሲደርሱ ጆሮዎ ጢም ይል የለም? የ650 ሜትር ያህል ልዩነት ነው። የማልፔንሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 234 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሐረጎን ቁልቁለት ሁለት ጊዜ ከዚያም በላይ የሚያህል የግፊት ለውጥ ያልፋሉ። የውጭው ግፊት ሲጨምር ከአፍንጫ ጀርባ ወደ መካከለኛው ጆሮ የምትወስደው ቀጭን ቱቦ ትጣበቃለች፤ የሚከፍታት መዋጥ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ተኝተው እንዳያገኝዎ፤ የተኛ ሰው አዘውትሮ አይውጥም። አጠገብዎ ያለውን ሰው ቀስቅሱኝ ይበሉ። ከረሜላ ይምጠጡ ወይም ማስቲካ ያኝኩ። ካልበቃ አፍንጫዎን በጣት ይዘው አፍዎን ገጥመው በቀስታ ይንፉ፤ በኃይል ግን አይሁን። ጉንፋን ይዞዎት ከሆነ ፋርማሲ ገብተው የጉንፋን ክኒን በራስዎ አይግዙ። አፍንጫ የሚከፍቱት አንዳንዶቹ ክኒኖች የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርጉ፣ የእርስዎን መድኃኒት ለሚያዝልዎ ሐኪም ይንገሩ።

ስለ እግርዎ ረዘም አድርጌ ልናገር። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው። ስንራመድ ጡንቻው የደም ሥሩን ይጨምቃል፤ በደም ሥሩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ መዝጊያዎች ደሙ ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። ቁጭ ብለን ስንቀር ይህ ግፊት ይቆማል፤ ውሃው ወደ ሥጋ ሰርጎ ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ይህ በራሱ አደጋ የለውም፤ ከአንድ ሌሊት እንቅልፍ በኋላ ይሟሽሻል። መጠንቀቅ ያለብን የደም መርጋትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ጤነኛ በሆኑ ሰዎች ላይ ግን ከ6,000 ተጓዥ አንዱን ገደማ የሚያገኝ ነው። ይኸው ጥናት አውቶቡስንም መኪናንም ባቡርንም ይጨምራል፤ ዋናው ምክንያት መቀመጡ ነው። የአዲስ አበባውን መንገድ አስቀድሜ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት ሐኪምዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ። የሚወስዱት መድኃኒት አምሎዲፒን ከሆነ፣ ቁርጭምጭሚት ማሳበጥ የታወቀ ጎኑ ነው። ምናልባት በአውቶቡሱ ያማረሩበት እብጠት ከፊሉ ከዚያ ሊሆን ይችላል። በራስዎ ግን እንዳያቋርጡት። የሚያሸና መድኃኒትም ካለው ሽንት ያመላልሰኛል ብለው የበረራውን ቀን አይዝለሉት፤ የሚያስፈልገው የመተላለፊያ ዳር ወንበር ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ባትን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘው ረጅም ካልሲ ይስማማዎ እንደሆነ ነው። የስኳር ሕመም ወይም የእግር ደም ሥር መጥበብ ላለበት ሰው ሊጎዳ ስለሚችል መጠየቁ ግድ ነው። ከተፈቀደልዎ የባትዎን ዙሪያ ጠዋት ከአልጋ እንደ ተነሡ፣ እግርዎ ሳያብጥ ይለኩና በልኩ ይግዙ። እውነተኛው ካልሲ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠብቅና ወደ ጉልበት ሲወጣ ይላላል። እርስዎ የክርን መለጠጥ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉና በጣትዎ ስበው ቢያዩት ከአስመሳዩ ይለዩታል። አስፒሪን ግን ሰው ስለነገረዎ ብቻ አይውሰዱ።

በአውሮፕላኑ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ለሌላ ይተዉት። ሌሊት ስለሆነ የሚታይ ነገር የለም። በ787 ተራ ማዕረግ ወንበሩ ሦስት ሦስት ሦስት ሆኖ ስለሚደረደር፣ በመተላለፊያው ዳር ከተቀመጡ ማንንም ሳይቀሰቅሱ መነሣት ይችላሉ። የእጅ ሻንጣዎን ከላይ ይስቀሉ እንጂ ከእግርዎ ሥር አያድርጉት፤ እግር የሚዘረጋበትን ቦታ ይበላል። በየሰዓቱ አንዴ ተነሥተው እስከ ኋላው ኩሽና ይመላለሱ። ተቀምጠው ሳሉም ተረከዝዎን መሬት ላይ ተክለው የእግርዎን ጣቶች ወደ ላይ ይሳቡ፣ ከዚያ ጣቶቹን ተክለው ተረከዙን ያንሡ፤ ሃያ ጊዜ ያህል። ጫማዎ እግርዎ ሲያብጥ የሚላላ ማሰሪያ ያለው ይሁን። አዲስ ጫማ ለጣሊያን ብለው ገዝተው ከሆነ በሻንጣ ይሂድ።

በካቢኑ ውስጥ ያለው እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። ከንፈር የሚሰነጠቀው፣ ዐይን የሚቆጠቁጠው ለዚህ ነው። ውሃ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ይጠጡ፤ ሊትር ሙሉ ጨርሱ የሚለው ምክር ግን የተጋነነ ነው። ቡናን የሚከለክሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ አይደለሁም፤ ቡና ሳይጠጣ የተነሣ የወሎ ሰው በሁለተኛው ቀን ራሱን ሲያመው ማየቱ ይበቃል። ጨው የበዛበትን ግን ይቀንሱ፤ ለእግርዎም ለግፊትዎም። የጾም ወይም የሐላል ምግብ ከፈለጉ ከበረራው ቢያንስ 24 ሰዓት ቀድመው ያስመዝግቡ። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ብለው ይጥሩት፤ «አትክልት» ብቻ ካሉ አይብ ያለበት ሊመጣ ይችላል። የአየር መንገድ ብርድ ልብስ ስስ ነው። ጋቢ ይዘው ይግቡ፤ ተጠቅልሎ ለወገብ ትራስ፣ ተዘርግቶ ለብርድ ይሆናል። የአንገት ትራስ ብለው የሚሸጡትን ሁሉ ሞክሬ ወደ ጋቢ ተመልሻለሁ።

የሰዓት ልዩነት ያደክመኛል ብለው አይስጉ። ጣሊያን በክረምታቸው ከእኛ ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ናት። የሚደክምዎ ያልተኙት ሌሊት ነው። መድኃኒትዎንም በተለመደው ሰዓት ይቀጥሉ፤ በእጅ ሻንጣ፣ በራሱ ካርቶን፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይሁን። ስንቅን በተመለከተ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ አይብና በቅቤ የታሸ ጭኮ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን አያስቸግርዎም። ጫት ጣሊያንን ጨምሮ በብዙዎቹ አገሮች እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል፤ ለሰው አድርሱልኝ ቢልዎ ማንም ይሁን እንቢ ይበሉ።

ማልፔንሳ ላይ የጋባዡን ደብዳቤ፣ የአልጋ ማስያዣውን፣ መድኑንና የመመለሻ ትኬቱን በእጅዎ ያድርጉ። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የጣት አሻራና ፎቶ የሚመዘግብ አዲስ የመግቢያና መውጫ ሥርዓት ስለ ተጀመረ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል።

ስድስቱን የሥልጠና ቀን እዘለዋለሁ፤ እነሱ ባለቤት አላቸው። ሥልጠናው ያለቀ ቀን ማታ ግን ወደ ሚላን ይዛወሩ፤ ከቤርጋሞ በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላ ነው። ቤርጋሞ ዳር ናት፤ ሚላን ግን የባቡሩ ሁሉ መጋጠሚያ ስለሆነች ጠዋት ተነሥቶ ለመምረጥ ከእሷ የተሻለ የለም። ቱሪን በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት፣ ቦሎኛ እንደዚያው፣ ቬሮና አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ፍሎረንስ ሁለት ሰዓት፣ ቬኒስ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሮም ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃሉ። የኮሞ ሐይቅ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ለድንገተኛ መንገደኛ ዋናው ምሥጢር የባቡሩ ዓይነት ነው። የፈጣኑ ባቡር ዋጋ እንደ አውሮፕላን ትኬት ቀኑ ሲደርስ ይወደዳል። የክልሉ ዘገምተኛ ባቡር ዋጋ ግን ከወር በፊት ቢገዙትም፣ ሊነሣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ቢገዙትም ያው ነው። ስለዚህ ኮሞን፣ ቬሮናን ወይም ቱሪንን ጠዋት ማኪያቶዎን እየጠጡ መወሰን ይችላሉ። የወረቀት ትኬት ከያዙ ከመሳፈርዎ በፊት መድረኩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ማሽን ያስመቱት፤ ያልተመታ ትኬት ይዞ መገኘት ያስቀጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ለእርስዎ የምመርጥልዎ ሮምን ነው፤ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት። ይህንን ግን ሁለት ሳምንት ቀድመው ይቁረጡት፤ ዋጋው ያን ጊዜ ይሻላል። ኮሎሲየምን ማንም ይነግርዎታል፤ እኔ ግን ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄደው እንዲቆሙ እፈልጋለሁ። የአክሱም ሐውልት በ1937 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ተወስዶ የቆመው እዚያ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሆነው ሕንፃ ፊት ነበር፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል። ባዶ ቦታ ለማየት መሄድ ለፈረንጅ ላይገባው ይችላል፤ ለእኛ ግን ይገባናል። በቫቲካን ቅጥር ውስጥም በ15ኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ቬኒስን ከመረጡ ደግሞ ጎብኚ በሚበዛባቸው የተወሰኑ ቀናት ደርሶ ተመላሽ ሰው የመግቢያ ክፍያ እንዳለበት ይወቁ፤ በ2025 ቀድሞ ለከፈለ 5 ዩሮ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ለከፈለ 10 ዩሮ ነበር። በሚላን የዳ ቪንቺን የመጨረሻ እራት ሥዕል ማየት ካሰቡ በድንገት አይሆንም። ጎብኚዎች በትንሽ በትንሹ ለ15 ደቂቃ ብቻ ስለሚገቡ ቦታው ከብዙ ቀን በፊት ያልቃል።

ጠዋት ጣቢያ ደርሰው ሰሌዳው ላይ «ሾፔሮ» የሚል ቃል ከበዛ የሥራ ማቆም አድማ ነው። ጣሊያን ውስጥ አድማ ቀድሞ ይነገራል። በሥራ ቀን የክልሉ ባቡሮች ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከምሽቱም 12 እስከ 3 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር እንዲሠሩ ሕግ ስለሚያስገድድ፣ በጠዋቱ ሄዶ በምሽቱ መመለስ ይቻላል። «ቢናሪዮ» መድረክ ነው፣ «ሪታርዶ» መዘግየት። የቀሩትን ቃላት ከፋብሪካው ወለልና ከደሴ ፒያሳ ይዘዋቸው ይሄዳሉ።

ከቤርጋሞ አውሮፕላን ማረፊያ በርካሽ የሚበሩ አየር መንገዶች መኖራቸውን እዚያ ሲደርሱ ይነገርዎታል። እውነት ነው፤ ግን መድረሻው በሼንገን ውስጥ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ፤ ለንደን፣ ደብሊንና ቲራና ከዚያ ወሰን ውጭ ናቸው። ከአውሮፓ ውጭ ያለን ፓስፖርት አስቀድሞ በሰነድ መመርመሪያ መስኮት ማሳየት የሚያስገድዱም ስላሉ ሰዓት ይጨምሩ። ፓሪስን ግን ለአራት ቀን ጉዞ ልጨምራት አልልም፤ በባቡር ሰባት ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው፤ ያንን እግር ደግሞ እናውቀዋለን። ዙሪክ ሦስት ሰዓት ተኩል የማይሞላ መንገድ ነው፤ የጎታርድን 57 ኪሎ ሜትር ዋሻም ያያሉ። ድንበሩ ላይ ፍተሻ ሊያጋጥም ስለሚችል ፓስፖርቱ ከእርስዎ አይለይ፤ ምሳ ግን ከሚላን ይዘው ቢሄዱ ይሻላል፤ ስዊዘርላንድ ውድ ናት።

እንጀራ ካማረዎት ሚላን ውስጥ ፖርታ ቬኔዚያ የሚባለው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። እህትዎን እዚያ ቢቀጥሯቸው አይጠፋፉም።

የመጨረሻዋን ሌሊት የትም ይዋሉ ሚላን ይደሩ። ከሮም ወይም ከዙሪክ በመመለሻው ቀን ለመድረስ የሞከሩ ሰዎች አሉ፤ ከመካከላቸው የተሳካላቸውም እንኳ ዳግም አያደርጉትም። አዲስ አበባ በጠዋቱ ሲደርሱም በዚያው ቀን አውቶቡስ ውስጥ አይግቡ። አንድ ሌሊት አርፈው ይነሡ፤ በተለይ ከጣሊያን ጉንፋን ይዘው ከመጡ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ለጆሮዎ ከማልፔንሳው አይተናነስምና፣ ከረሜላው ከኪስዎ እንዳይጠፋ።